ቤት ያላት የሆቴል እንግዳ

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ክፍል አራት። ብርድ ልብሱ ረጥቧል፣ መስኮቱ አይገጥምም፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ይስላል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ ያልታረሙ የተማሪ ደብተሮችና ይህ ማስታወሻ አለ። የጥርስ ብሩሽ የለም። ተናዶ ከቤት የሚወጣ ሰው ደብተር ይዞ ብሩሽ ከረሳ መምህር ነው ማለት ነው።

አላለቀስኩም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

ነገሩን በሥርዓቱ ልጻፈው። ነገ ሰው ሲያጣምመው ቀጥ ያለው እዚህ ይገኝ።

ትናንት ከሰዓት ማክ ዳቱክ ዘመድ ሰበሰበ። ማክ ዳቱክ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። 'ዳቱክ' የሚለውን የዘመዱን ማዕረግ የተሸከመው፣ ስለ ትልቁ ቤት አደባባይ ወጥቶ የሚናገረው እሱ ነው። ቤቱ ግን የእሱ አይደለም። የሴቶቹ ነው፤ የአያቴ ነበር፣ የእናቴ ነው፣ ከእሷ ወደ እኔ ይመጣል። ከእኔ ደግሞ ወደ ሴት ልጄ፣ ብወልድ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የጃካርታ ሀብታም ቤቱን ሊገዛ ይፈልጋል። መሬቱን አይደለም፣ ቤቱን። የተቀረጹትን ሳንቃዎች፣ ምሰሶዎቹን፣ እንደ ጎሽ ቀንድ ሽቅብ የተቀሰረውን ጣሪያ ፈታቶ፣ በከባድ መኪና ጭኖ፣ በባሕር ዳርቻ ላሠራው ምግብ ቤት መግቢያ ሊያደርገው። አያቶቻችን ቤቱን ያለ አንድ ሚስማር በውሻል ብቻ ነው ያቆሙት። ሰውየው የወደደውም ለዚሁ ነው አሉ፤ በቀላሉ ይፈታል።

ማክ ዳቱክ ጉሮሮውን ጠረገና አዛውንቶች የሚያውቋቸውን አራት ምክንያቶች ቆጠረ። የዘር ቅርስ የሚነካው ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ መቅበሪያ ሲጠፋ፣ የወደቀ ማዕረግ ሲነሳ፣ ትልቁ ቤት ሲያፈስ፣ ያደገች ልጅ ባል ሳታገኝ ስትቀር ነው። "ቤቱ ያፈሳል" አለ። ከዚያ እኔን ሳያየኝ፣ "ያደገች ልጅም አለችን" አለ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘመድ ሁሉ አቀርቅሮ ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

"እነዚህ ምክንያቶች ለመያዣ ናቸው እንጂ ለሽያጭ አይደሉም" አልኩት። "ደግሞስ ባል ያጣሁት በማን ነው?"

"ኔልማ፣ ሰው ፊት ነው ያለሽው።"

"ሰው ፊት ያወጡኝ እርስዎ ነዎት!"

ወደ እናቴ፣ ወደ አማክ፣ ዞርኩ። አማክ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየለቀመች ነበር። ማንም ጠጥቶ አልጨረሰም፣ እሷ ግን ከነሻዩ እየሰበሰበች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ። አንድ ቃል አልወጣትም። ልጇ እንደ አሮጌ ዕቃ ተቆጥራ ስትጠራ፣ አንድ ቃል።

ከደረጃው ስወርድ ዞርኩና ሁሉም እየሰማ፣ "ዝም ብለሽ ሸጥሽኝ!" አልኳት።

አልጸጸትበትም።

ኦክቶበር 23

የማረፊያው ባለቤት እቴክ ባይዳር ትባላለች። ፖሊስ በየሳምንቱ የሚያየው መዝገብ አላት፤ ዛሬ በግድ አስቀምጣ አስሞላችኝ።

"ከየት መጣሽ?"

"ከላይ፣ ከመንደር።"

"ከዚህ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ የሆነው?"

"ሃያ አምስት።"

"የመጣሽበት ጉዳይ?"

"ዕረፍት።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "ልጄ፣ ፓዳንግ ፓንጃንግ ውስጥ በኦክቶበር ዝናብ የሚያርፍ እንቁራሪት ብቻ ነው። ባልሽ መታሽ?"

"ባል የለኝም።"

"እሰይ፤ ከባሎች ሁሉ የማይማታው እሱ ነው" አለችና "ዕረፍት" ብላ ጻፈች።

ከእኔ በቀር ያረፉት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ፣ መድኃኒት አዟሪ፣ የጭነት መኪና ሾፌር። መቼም እንዲህ ያለ ቤት የሚሠራው ለወንዶች ነው። የእኛ ወንድ፣ ልጅ ሆኖ የሚያድረው ጸሎት ቤት፣ ሲያገባ የሚያድረው የሚስቱ ቤት፣ በመካከል ያለውን ዕድሜ በመንገድ ላይ። ቤት ያላት ሴት ናት። እና እኔ፣ ዘጠኝ ክፍል ያለው ቤት ወራሽ፣ የጋራ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ባልዲ ይዤ ተራ እጠብቃለሁ።

ውሃው በረዶ ነው። መጀመሪያ ራሴ ላይ ስደፋው ጮህኩ። ከውጭ አንዱ፣ "መምህርት፣ ማባዣ ሰንጠረዡን እያሉ ይታጠቡ! ሰባት ላይ ሲደርሱ ይሞቃል!" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ኦክቶበር 25

ማክ ዳቱክ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኩል መልእክት ላከ፦ እናትሽ እኔ ዘንድ ናት፤ ቤቱ ተዘግቷል፤ ልብ ግዢ።

ስለዚህ ጠቅልላ ገብታለታለች። በአንድ ሳምንት። ደህና።

ኦክቶበር 27

የመንደሩ ሚኒባስ ሾፌር ኡዳ ጃስማን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን አንባረቀው። በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ ጣሳ ሰጠኝ። "ከእናትሽ።"

"ምን አለችህ?"

"ምንም። 'ስጥልኝ' ብቻ።"

አሁንም ዝም። ጣሳውን መልሼ ልልክ ነበር፤ ግን እንዳይበላሽ ብዬ በላሁት። ረንዳንግ ነው፣ በኮኮናት ወተትና በቅመም እስኪደርቅ የበሰለ ሥጋ። ረንዳንግ አንድ ወር ቢቀመጥም እንደማይበላሽ አውቃለሁ። ሥጋው የእንጨት ጭስ ጭስ ይላል፣ ልክ እንደ እኛ ምድጃ። የማክ ዳቱክ ሚስት በጋዝ የምታበስል ይመስለኝ ነበር። ጋዝ አልቆባት ይሆናል።

ኖቬምበር 2

ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ስገባ ዝም አሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱ የትልቅ ቤት ሥዕል ሥሎ በመስኮቱ አንዲት ሴት አውጥቷል። ሥዕሉ መጥፎ አልነበረም። አጠፋሁት። ቀኑን ሙሉ ራስ ምታት።

ኖቬምበር 5

የሚስለውን ሰው አወቅኩት። አንኩ ሩስሊ ይባላሉ። ባቡሩ ይሠራ በነበረ ጊዜ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፣ አሁን ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ። ክፍል ሦስት ውስጥ አራት ዓመት ኖረዋል። ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ሁለታችንንም በረንዳ ላይ አስቀመጠን፤ እቴክ ባይዳር እንቁላል የተመታበት ሻይ አመጣችልን።

"ለምን እዚህ ይኖራሉ?" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሽማግሌ አይቀርብም ነበር። ሆቴል ግን ሰውን ያባልጋል።

"ሚስቴ ሞተች" አሉ። "የእሷ ቤት የእህቶቿ ነው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ማንም ውጣ አላለኝም። ግን ትራሴን ማን እንደሚያጥበው ጠፋ። አንድ ወር ጠበቅሁ፣ ሁለት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ትራሴን ይዤ መጣሁ።"

አባቴን አስታወሱኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲመሽ የሜትር ገመዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከከተማ ወደ እኛ ይወጣል፤ ከደረጃው ሥር ሲደርስ ሁለት ጊዜ ይስላል፣ ሴቶቹ እንዲያውቁ። ሁልጊዜ ያው መስኮት ሥር፣ ያው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። አሥራ አምስት ዓመት ሲመላለስ በእኛ ቤት አንድ ቁም ሣጥን በገዛ እጁ ከፍቶ አያውቅም። መቀስ ሲፈልግ እኔን ይጠራና፣ "ልጄ፣ እናትሽ መቀስ ታበድረኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ" ይል ነበር። እኔ ደግሞ እየሮጥኩ፣ "አማክ፣ እንግዳው መቀስ ይላል!" እያልኩ እጮሃለሁ። ቤቱ በሙሉ ይስቅ ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚስቀው።

ከአማክ ጋር ሲጣላ ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። የት እንደሚያድር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ማክ ዳቱክ መጣ። ጥቁር ኮፊያውን አጥልቆ፣ ጃንጥላውን እንደ በትር ይዞ። እቴክ ባይዳር ወንበሩን ጠርጋ አስቀመጠችው፤ እኔ ቆምኩ።

"ምን ይሉሻል አንቺ?" አለኝ። "የዳቱክ እህት ልጅ ከአዟሪ ጋር በአንድ ባልዲ ትታጠባለች። ይህን ነው የተማርሽው?"

"ባልዲው ንጹሕ ነው፣ ማክ ዳቱክ።"

"ቀልዱን ተዪው። ጣሪያው በሁለት ዓመት ውስጥ ይወድቃል። ጣሪያ ለማልበስ የሚያስፈልገውን የዘንባባ ቃጫ ማን ያመጣል? አንቺ በመምህር ደመወዝ? እኔ ደግሞ ለአንቺ ወንድ ልጠይቅ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድም።"

"ወንዱማ ተገኝቶ ነበር። ሃርዮ ሊጠይቀኝ መጥቶ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመለሱት እርስዎ ነዎት።"

"ጃቫዊ ነው። ወደ አገሩ ይወስድሽ ነበር። ቤቱ ያለ ሴት ይቀር ነበር!"

ለራሱም ተሰማው መሰለኝ፤ ጃንጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ከስድስት ዓመት በፊት ለዚሁ ቤት ሲል ሰውየውን መለሰብኝ፤ አሁን ደግሞ ቤቱን ሊሸጥ መጣ።

ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ስሞች፣ ፊርማዎች፣ ከሥር ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። "ከአንቺ በቀር የቀረ የለም።"

"አማክም?"

"እናትሽ መቼ ነው እኔን እምቢ ብላ የምታውቀው?" ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። "አናጢው በሃያ ሰባት ሳንቃውን ሊቆጥር ይመጣል። እስከዚያ ፈርሚ።"

እቴክ ባይዳር ያቀረበችለትን የሻይ ብርጭቆ ሳይነካ ሄደ።

ኖቬምበር 10

የእናቴ ጣት ነው። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬ ላይ የምታሳርፈው ጣት።

ቢላ የቆረጣት ጊዜ ጠባሳ ጥሎባታል፤ አሻራዋ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ መሆን ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ስንጥቅ አላየሁም። ቀለሙ በዝቶ ሞልቶት ይሆናል።

ሃርዮ ሁለት ልጆች አሉት። ሁለተኛዋ ሴት ናት። ሰው ነገረኝ እንጂ ጠይቄ አይደለም።

ኖቬምበር 14

ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። የማረፊያው ቆርቆሮ ሲጮህ ሰው የራሱን ሐሳብ አይሰማም። የትልቁ ቤት ጣሪያ እንዲህ አይጮህም። የዘንባባ ቃጫ ዝናብን ይውጠዋል፤ ከውስጥ ሆነሽ ስትሰሚው ሰው በሩቅ ጨርቅ የሚጎትት ይመስላል።

እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ዘጠኙም ክፍል ሞልቶ ነበር። አዲስ የተዳረችው መጨረሻው ክፍል፣ ከእሷ በፊት የተዳረችው ወደ ቀጣዩ፣ እንዲህ እየተገፋፉ አያቴ ከምድጃው አጠገብ ደርሳ ነበር። እኛ ልጆች አዳራሹ ላይ እንደ ሰርዲን ተደርድረን እንተኛለን። ጠዋት ጠዋት አክስቶቼ በአንድ መስተዋት ይጣላሉ። "አንቺ ባል አግኝተሻል፣ ለእኔ ልቀቂልኝ!" "ባሌ እንዳይሄድ ነው የማየው!" አያቴ ከምድጃው በኩል ሆና፣ "መስተዋቱን ስበሩትና ሁለታችሁም በሰላም ኑሩ" ትላለች።

አንድ ቀን ምድር ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ሊሮጥ ሲነሳ አያቴ መሐለኛውን ምሰሶ አቅፋ፣ "ተቀመጡ! ቤቱ ያውቅበታል" አለች። ቤቱ እንደ ጀልባ ወዲያና ወዲህ አለ፣ ውሻሎቹ ተንጫጩ፣ ከዚያ ቆመ። አንድ ሳህን አልተሰበረም። ከተማ ውስጥ ግን የሲሚንቶ ቤቶች ተሰነጠቁ።

በኋላ አንዷ ሜዳን ወደሚባለው ከተማ ሄደች፣ አንዷ ጃካርታ፣ አያቴ ሞተች። እኔ ከዮግያካርታ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ የቀሩት አማክና አንድ ምድጃ ነበሩ። ማታ ማታ ሁለታችን ብቻ፣ ዘጠኝ ክፍል። አማክ ግን ባዶዎቹንም በየቀኑ ትጠርግ ነበር።

ይህ ናፍቆት አይደለም። ለመዝገብ ያህል ነው።

ኖቬምበር 18

ኡዳ ጃስማን ሌላ ጣሳ አመጣ። "እናትሽ ክፉኛ ትስላለች" አለኝ። "ጭሱ ነው። እርጥብ እንጨት ምን ይሆናል ብለሽ ነው? እኔ ማለዳ ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ሆኜ ጭሱን ሳይ ጡሩንባ እነፋለሁ፤ ትወጣና ጣሳውን ትሰጠኛለች። ቀሚሷ ደርቆ አይቼ አላውቅም።"

"የማክ ዳቱክ ሚስት ልብስ ማስጫ የላትም እንዴ?"

እንደ እብድ አየኝ። "እሷን ደግሞ ምን ዶላት?" ተሳፋሪዎቹ ጮኹበት፣ ሄደ።

የማክ ዳቱክ ሚስት ቤት ያለው ታች፣ ገበያው አጠገብ ነው። ከላይኛው መታጠፊያ አይታይም። ነገ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

ኖቬምበር 19

አልጠየቅኩትም። ፈተና እያረምኩ ነበር።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ይህን ከማደሬ በፊት ልጻፈው።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት እንጨት ነጋዴዎች መግቢያው ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ጫማዬን እያወለቅኩ ሰማኋቸው።

"የዳቱኩ ቤት? ያለቀ ነገር ነው። ለገዢው 'ሴት የማይኖርበት ቤት ነው' ብሎታል።"

"ልጅቷስ?"

"ልጅቷማ ሆቴል ገብታለች አሉ። ከወንድ ጋር ነዋ!"

እቴክ ባይዳር ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። "የትኛው ወንድ? ከአጠገቧ ያለው ወንድ አንኩ ሩስሊ ነው፤ እሱንም ሳል ከወሰደው ቆይቷል! ጠጡና ውጡ!"

አንኩ ሩስሊ በረንዳው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ስመጣ ፊታቸውን አላዞሩም።

"እኔ ዝም ያልኩት እንግዳ ስለሆንሽ ነው" አሉ። "አሁን ግን ልንገርሽ። ሴት እሳት የምታነድበት ቤት ቤት ነው። ሴት የወጣችበት ቤት እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ይሸጣል። አጎትሽ ሊያስወጣሽ አቅም አልነበረውም። ማንም ሊያስወጣሽ አቅም አልነበረውም። አንቺ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽለት።"

"ተናድጄ ነበር።"

"ወንድ ሲናደድ ከቤት ይወጣል፤ የሚወጣው ቤቱ ስላልሆነ ነው። አንቺን ይህን ማን አስተማረሽ?"

ሁለት ቋንቋ አውቃለሁ፣ ዲግሪ አለኝ። ከትልቁ ቤት ሴቶች ሁሉ እንደ ወንድ አኩርፌ የወጣሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ ጠዋት፣ ትልቁ ቤት

ትናንት ከቅዳሜው የግማሽ ቀን ትምህርት በኋላ በቀጥታ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ኡዳ ጃስማን ምንም ሳይጠይቅ ፊት አስቀመጠኝ። ላይኛው መታጠፊያ ላይ በጣቱ አሳየኝ። ዝናቡ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት ማድቤት በኩል፣ ቀጭን ጭስ።

ጡሩንባውን ነፋው። አማክ ሻርፗን ራሷ ላይ ጥላ ደረጃው ላይ ወጣች። ጣሳ ልትሰጠው ነበር። እኔን ስታይ ጣሳውን ይዛ ቀረች።

ቤት ውስጥ ድስት፣ ባልዲ፣ የሩዝ ማጠቢያ፣ የአያቴ የመዳብ ሰታቴ፣ ሁሉም አዳራሹ ላይ ተደርድሮ ጠብታ ይቀበላል። ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ቦታ። ምንጣፏን ከአንዱ ደረቅ ጥግ ወደ ሌላው ስትጎትት የኖረች ትመስላለች።

"ማክ ዳቱክ ዘንድ ነሽ አሉኝ" አልኳት።

"ማን አለሽ?"

"እሱ።"

ጣሳውን አስቀመጠች። "እኔንም 'ኔልማ ፈርማለች፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው' አለኝ።"

"ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራ አይቻለሁ።"

"የሜዳን እህቴ ናት። እሷ መቼ ፊደል ቆጠረች?" አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ጠባሳው እንዳለ ነው። ቀለም አልነካውም።

ከዚያ ያልኩትን ልጽፍ አልፈልግም፤ ግን ይጻፍ። ሁሉንም አምጥቼ እሷ ላይ ጫንኩት፦ "ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ? አንድ ቃል፣ አማክ! አንድ ቃል!"

እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ እኔን ሳታይ መለሰችልኝ። "ወንድሜን ሰው ፊት ማዋረድ አልችልም። አንቺንም መስጠት አልችልም። ስለዚህ ብርጭቆውን አነሳሁ።"

እንግዳ ጠጥቶ ሳይጨርስ ብርጭቆ የምታነሳ ሴት ምን እንዳለች የማያውቅ የዚህ አገር ሰው የለም። ተነሡ ማለት ነው። ነገራችሁን አልተቀበልኩም፣ ከቤቴ ውጡ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሰው ስታስተናግድ አንድ ጊዜ ነው ያደረገችው። ዘመድ ሁሉ ገብቶታል፤ ምንጣፉን ያዩት ለካ ለዚህ ነው። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ "እምቢ" ስትል እኔ ስጮህ ነበር።

እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩም። የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ወደ እሳቱ አስጠጋሁት፣ እንዲደርቅ።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ረፋዱ ላይ መጡ። ማክ ዳቱክ፣ ከኋላው አናጢው መሰላልና ጠመኔ ይዞ። አናጢው ከውጭኛው ግድግዳ ጀምሮ ሳንቃ በሳንቃ ቁጥር መጻፍ ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ አማክ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ "ልጄ፣ እዚያ ጋ ሰው ይኖራል" አለችው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ማክ ዳቱክ ጫማውን አውልቆ ገባና አባቴ ይቀመጥበት የነበረው መስኮት ሥር ተቀመጠ። እኔ የምናገረውን ሦስት ቀን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ውሸቱ፣ ስለ ሃርዮ፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር። እሱ ቀደመኝ። ለእኔ ግን አይደለም የተናገረው፣ ለእህቱ ነው።

"ይህ ቤት ለእኔ አንድ ሌሊት መኝታ ሰጥቶኝ ያውቃል?" አላት። "ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጸሎት ቤት ወለል ላይ ተኛ ተባልኩ። ብርድ ነበር። ከዚያ ሆኜ የዚህን ቤት መብራት አይ ነበር። ስልሳ ዓመት ጣሪያውን ሳስጠግን፣ ስከራከርለት፣ ስሙን ስሸከም ኖርኩ፤ እናንተ ተኛችሁበት። አሁን አርጅቻለሁ። ሚስቴ ብትቀድመኝ ወዴት እንደምሄድ ታውቂያለሽ? አንዴ እንኳ፣ አንዴ፣ ይጥቀመኝ አልኩ።"

አማክ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "አውቃለሁ፣ ወንድሜ። እኔም ያኔ ከመስኮቱ አይህ ነበር" አለችው።

ዓይኑን ጠረገ። ልቡ ተመልሷል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ወረቀቱን አውጥቶ አማክ ፊት ዘረጋው። ሰው እንዲህ ነው፤ እያለቀሰም ወረቀቱን ይዘረጋል።

አማክ ወረቀቱን አልነካችውም። "ቤቱ የኔልማ ነው። እሷን ጠይቃት" አለች።

እናቴ ፊት፣ እኔን። ሕይወቴን ሙሉ ስለ እኔ ሲነገር ሰማሁ እንጂ ማክ ዳቱክ እኔን ጠይቆ አያውቅም። ዛሬም ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው እንጂ አልጠየቀኝም።

"እምቢ" አልኩት። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶ የቀረችው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች።

"ባል ሳታገኚ ብትቀሪስ?"

"ባል ሳላገኝ ልቀር እችላለሁ። ቤት ሳይኖረኝ ግን አልቀርም።"

ወረቀቱን አጠፈ፣ ኮፊያውን አስተካከለ። "ማዕረጉን ሌላ ይሸከመው። ጣሪያው ሲወድቅ እኔን እንዳትጠሩኝ" አለ። አማክ፣ "ዝናብ ነው፣ በልተህ ሂድ" አለችው። አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ ሄደ። ጃንጥላውን መክፈት እንኳ ረስቶ የእርሻውን ጥግ ጥግ ይዞ ሲወርድ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

አናጢው መሰላሉን ተደግፎ እንደ በሰበሰ ዶሮ ቆሟል። "እንግዲህ የእኔ ቀንስ?" አለ።

"ጣሪያ ትሠራለህ?"

"የተቀጠርኩት ለማፍረስ ነው፣ እመቤቴ።"

"መሰላሉ ያው ነው" አልኩት። "ውጣ።"

ኖቬምበር 30

ዕቃዬን ልወስድ ማረፊያው ሄድኩ። እቴክ ባይዳር የከረምኩበትን ሒሳብ ተቀበለችና፣ "አርፈሻል?" አለችኝ። "አላረፍኩም" አልኳት። "ታዲያ ለፖሊስ ዋሽተሻል" ብላ አቀፈችኝ። አንኩ ሩስሊ አልወጡም። በራቸውን አንኳኳሁ፣ ሳላቸውን ሰማሁ፣ "አንኩ፣ ሄጃለሁ" አልኩ። "ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ? ሂጂ!" አሉ ከውስጥ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ዲሴምበር 4

ማክ ዳቱክ በገበያ አገኘኝ፣ ሰላም አላለኝም። ለሜዳን አክስቴ ጻፍኩ፣ ሰው ያነብላታል፤ ጣቷን እየመረጠች እንድታውስ። ወደ ጃቫ ግን አልጻፍኩም፣ ምንም እንኳ አድራሻውን ባውቅም።

የአማክ ሳል ትንሽ ቀለል ብሏል። የዘንባባ ቃጫው ውድ ነው፣ አናጢው ደግሞ ቀስ ይላል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሠርቶ ሦስት ሰዓት አማክን ያስቃታል። ከደመወዜ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናለብሰዋለን። ምን ያህል ወር እንደሚፈጅ አስልቼዋለሁ፤ አልጽፈውም።

ዛሬ በሰባት ቦታ ያፈሳል። ስመጣ ዘጠኝ ነበር።